የስሙ ባለቤትና የሥራው ባለቤት፤ በቪዲዮ ጨዋታ አሳታሚዎችና በዝነኛ ስሞች ባለቤቶች መካከል የተነሣው ክርክር አጭር ታሪክ

መግቢያ

ሃይ ማላካል በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ነው። «ሃይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ሲሆን፣ ማላካል ደግሞ በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ሰፈር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት በእንግድነት በሰነበትንበት ጊዜ፣ በአቅራቢያው ባለ አንድ አነስተኛ የጌም ቤት ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡትን ልጆች ለመመልከት ዕድል አግኝተን ነበር። ቤቱ የቆርቆሮ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ጄኔሬተር አሉት። በበሩ ላይ በቀለም «ፊፋ» ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ ከፊሎቹ የደቡብ ሱዳን፣ ከፊሎቹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ሲሆኑ፣ እርስ በርሳቸው የሚግባቡት በጁባ ዐረብኛ ነው።

የቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅ፣ መምህር መሆናችንን ሰምቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠጋ አለና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሩ ላይ የተጻፈው ፊፋ ነው። ማሽኑ ሲከፈት ግን የሚወጣው ስም ሌላ ነው። ተጫዋቾቹ ያው ናቸው፣ ሜዳውም ያው ነው። ስሙ ወዴት ሄደ?» አለን። ከጎኑ የነበረው ደቡብ ሱዳናዊ ጓደኛው ደግሞ «የእኛ አገር ቡድን ለምን የለም?» ሲል ጨመረ።

የሁለቱ ልጆች ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ አርባ ዓመት ያለፈው የአንድ ክርክር ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእኛንም አገር የሚነካ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ዓ.ም. የሚል ከሌለበት በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈቃድ ውል ምንነት

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ሦስት ወገኖችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የስሙ ባለቤት ነው። ይህም አንድን ፊልም፣ አንድን የተረት ሰው፣ አንድን የስፖርት ውድድር ወይም አንድን የታወቀ ስም በሕግ የያዘ ድርጅት ነው። ሁለተኛው የጨዋታው አሳታሚ ነው። መጽሐፍ አሳታሚ ለመጽሐፍ የሚያደርገውን ይህም ለጨዋታ ያደርጋል፤ ይኸውም ገንዘብ ያወጣል፣ ያስተዋውቃል፣ ያከፋፍላል። ሦስተኛው ጨዋታውን በእጁ የሚሠራው የባለሙያዎች ቡድን ነው። ይህ ቡድን አንዳንድ ጊዜ የአሳታሚው ሠራተኛ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ራሱን የቻለ ድርጅት ይሆናል።

አሳታሚው በሌላው ስም ለመጠቀም ሲፈልግ የፈቃድ ውል ይዋዋላል። በውሉም ፈቃዱ ለስንት ዓመት እንደሚጸና፣ በምን ዐይነት ሥራ ላይ እንደሚውል፣ ለአንድ ድርጅት ብቻ ወይስ ለብዙዎች እንደሚሰጥና ክፍያው ስንት እንደሆነ ይወሰናል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሽያጩ ቢያድግም ቢወድቅም የማይቀር ቁርጥ ክፍያ ነው። ሁለተኛው ከሽያጩ በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻ ወይም ሮያልቲ ነው።

ይህ ዐይነት ግንኙነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት በአገራችን የነበረውን የእኩልና የሲሶ አራሽ ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። መሬቱ የባለመሬቱ ነው፤ ጉልበቱ የአራሹ ነው። ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በዘር ወቅት ሳይሆን በአውድማ ላይ ነበር። ምርቱ ሲበዛ ባለመሬቱ «ያፈራው መሬቴ ነው» ይላል፤ አራሹም «ያፈራው ጉልበቴ ነው» ይላል። ይሁንና በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። አራሹ ያለ መሬት ሊያርስ አይችልም። ጨዋታ ሠሪው ግን ያለ ዝነኛው ስምም ጨዋታ ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ የምናየው ታሪክ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ልዩነት ዙሪያ ነው።

ኢ.ቲ.፤ ለስሙ ብዙ ለሥራው ጥቂት

በ1982 ዓመት በጋ ላይ የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» የተባለው ፊልም በአሜሪካ ታይቶ እጅግ ብዙ ተመልካች አገኘ። በዚያን ጊዜ በቤት ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ የሚመራው አታሪ የተባለው ኩባንያ ነበር። አታሪን በ1976 የገዛው ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ነው። የዋርነር አለቃ ስቲቭ ሮስ የፊልሙን ስም ለጨዋታ ለማግኘት ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ። ውሉ ያለቀው በሐምሌ ወር መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ጨዋታው ደግሞ ለገና ገበያ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ሥራው የተሰጠው ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ያገኘው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጨዋታ ለመሥራት የብዙ ወራት ጊዜ ይፈጅ እንደነበረ ልብ ይሏል።

ውጤቱ ከጊዜው ማነስ የሚጠበቅ ሆነ። ጨዋታው ለመረዳት የሚያስቸግርና አሰልቺ ስለነበረ ዝናው በአፍታ ጠፋ። ከታተሙት ሚሊዮኖች ካርትሪጆች አብዛኞቹ ሳይሸጡ ቀሩ። በ1983 አታሪ ያልተሸጡ ዕቃዎቹን በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ሀገር በአላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበረ። ይህ ነገር ለብዙ ዘመን እንደ ተረት ሲወራ ኖሮ፣ በሚያዝያ 2014 ጉድጓዱ ሲቆፈር ካርትሪጆቹ ተገኙ። አታሪ በ1983 ብቻ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የኪሳራው ምክንያት ይህ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ገበያው በብዙ ደካማ ጨዋታዎች ተጥለቅልቆ ነበርና። ሆኖም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የስሙ ባለቤት ቁርጥ ክፍያውን ይዞ ሲሄድ፣ የኪሳራውን ሸክም የተሸከመው አሳታሚው ነው። ለስሙ የወጣው ገንዘብና ለሥራው የተሰጠው ጊዜ አልተመጣጠኑም።

ኪንግ ኮንግ፤ የሌለውን ስም ማከራየት

በዚያው በ1982 ዓመት ከዚህ ፍጹም የተለየ ክርክር ተነሣ። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» የሚባል ጨዋታ አውጥቶ ነበር። ጨዋታውን ያዘጋጀው ሺገሩ ሚያሞቶ ነው። በጨዋታው ውስጥ አንድ ትልቅ ጦጣ ሴት ማርኮ ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጣል። ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ ይህን አይቶ «ጦጣው የእኛ ኪንግ ኮንግ ነው፤ ክፍያ ይገባናል» ሲል ጠየቀ። ጨዋታውን በፈቃድ ያሰራጭ የነበረው ኮሌኮ ፈርቶ ከሽያጩ 3 በመቶ ለመክፈል ተስማማ። ኒንቴንዶ ግን እምቢ አለ፤ ጉዳዩም ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የኒንቴንዶ ጠበቃ ጆን ከርቢ የቆየ መዝገብ አገላብጦ አንድ አስደናቂ ነገር አገኘ። የመጀመሪያው የኪንግ ኮንግ ፊልም በ1933 የወጣ ሲሆን ያዘጋጀውም አር.ኬ.ኦ. የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። ዩኒቨርሳል በ1970ዎቹ ዓመታት ራሱ ኪንግ ኮንግን ለመሥራት በፈለገ ጊዜ፣ ታሪኩ የማንም የግል ንብረት እንዳልሆነና የሕዝብ እንደሆነ በፍርድ ቤት ተከራክሮ ረትቶ ነበር። ሲቀበል የሕዝብ ነው፣ ሲያስከፍል የእኔ ነው ማለቱ ነበር። ዳኛ ሮበርት ስዊት በ1983 ለኒንቴንዶ ፈረደ፤ በ1984 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ኒንቴንዶ በኋላ ለአንዱ የጨዋታ ገጸ ባሕርይ «ከርቢ» የሚል ስም መስጠቱ ይታወቃል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ስም ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ባለቤት አለው ማለት እንዳልሆነ ነው። ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ አስቀድሞ ባለቤትነቱን ማስረዳት አለበት። ሳይመረምር የከፈለው ኮሌኮና መዝገብ ያስመረመረው ኒንቴንዶ በአንድ ገበያ ላይ ሁለት የተለያየ ዕጣ የገጠማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እግር ኳስ፤ የሠላሳ ዓመት ጋብቻ

አሁን ወደ ልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ወይም በአጭሩ ኢኤ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የተቋቋመው በ1982 ነው። በ1993 ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር ከፊፋ ፈቃድ ወስዶ የመጀመሪያውን «ፊፋ» ጨዋታ አወጣ። ፊፋ በ1904 በፓሪስ የተመሠረተ አንጋፋ ድርጅት ነው። ኢኤ በበኩሉ በእግር ኳስ ጨዋታ ገና ስም ያልነበረው ስለሆነ፣ የፊፋ ስም ለአዲሱ ጨዋታ መታመኛ ሆነለት።

ይሁንና ከዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በመጀመሪያው ጨዋታ ውስጥ የተጫዋቾቹ ስሞች የእውነት አልነበሩም። ምክንያቱም የተጫዋቾች ስም የፊፋ ንብረት አይደለም። ስለዚህ ኢኤ ለተጫዋቾች ስም ከተጫዋቾች ማኅበር፣ ለሊጎች ከየሊጉ፣ ለክለቦች ከየክለቡ ጋር ለየብቻ እየተዋዋለ መሄድ ነበረበት። የጃፓኑ ኮናሚ ያወጣው የነበረው ተፎካካሪ ጨዋታ በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደ ሆኖ ሳለ፣ የአንዳንድ ታላላቅ ክለቦችን ፈቃድ ባለማግኘቱ ለክለቦቹ የፈጠራ ስም ለመስጠት ይገደድ ነበር። በ2019 ግን ነገሩ ተገልብጦ ኮናሚ የጁቬንቱስን ብቸኛ ፈቃድ ወሰደ፤ በኢኤ ጨዋታ ውስጥም ክለቡ «ፒየሞንቴ ካልቾ» በሚል ስም ለመጠራት በቃ። የስም ባለቤት ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ጨዋታው እያደገ ሄዶ እስከ 2021 ድረስ ከ325 ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች ተሸጠዋል። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቹ በገንዘብ ካርዶች እየገዛ የራሱን ቡድን የሚያቋቁምበት ክፍል ተጨመረ። ኢኤ ከእግር ኳስና ከሌሎች የስፖርት ጨዋታዎቹ ከዚህ ዐይነቱ ክፍል በ2021 የበጀት ዓመት ብቻ ያገኘው ገቢ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። አውድማው ሲሞላ ጠቡ ተነሣ። ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው፣ ፊፋ ከኢኤ በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያገኝ የነበረ ሲሆን፣ በአዲሱ ውል በየአራት ዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። ጠቡ ስለ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ፊፋ ስሙን ለሌሎች ድርጅቶችም ለማከራየት ፈለገ፤ ኢኤ ደግሞ በስሙ የሚሠራውን የሥራ ዐይነት ለማስፋት ፈለገ።

በግንቦት ወር 2022 ሁለቱ መለያየታቸው ይፋ ሆነ። በ2022 መስከረም የወጣው ጨዋታ የፊፋን ስም የያዘ የኢኤ የመጨረሻ ጨዋታ ሆነ። በ2023 መስከረም የወጣው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24» ተባለ። ኢኤ ከ300 በላይ የሆኑትን ሌሎች ፈቃዶች ይዞ ስለቀረ፣ ከ19,000 በላይ ተጫዋቾችና ከ700 በላይ ቡድኖች በጨዋታው ውስጥ ቀጠሉ። የልጁ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ ስሙ የሄደው ወደ ባለቤቱ ነው፤ የቀሩት ደግሞ ከሌሎች ባለቤቶች በሌላ ውል የተገኙ ናቸው።

ታዲያ ማን አሸነፈ? አዲሱ ጨዋታ በወጣ በአራት ሳምንት ውስጥ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተጫወቱት ኢኤ ገለጸ። ፊፋ በበኩሉ በጥቅምት 2024 ለኤሌክትሮኒክ የዓለም ዋንጫው የኮናሚን ጨዋታ እንደሚጠቀም አስታወቀ። ሆኖም በጥር 2025 ኢኤ የእግር ኳስ ገቢው ከጠበቀው በታች እንደሆነ ተናግሮ የዓመቱን ግምት ዝቅ አደረገ። ስለዚህ አንዱ ፍጹም አሸናፊ፣ ሌላው ፍጹም ተሸናፊ ነው ማለት አይቻልም። ለማለት የሚቻለው ሥራው ያለ ስሙ ለመቆም መቻሉን፣ ስሙ ግን ሠሪ መፈለግ እንዳለበት ነው።

ከዋክብት ጦርነት፤ የክብር ጥያቄ

የስም ባለቤት የሚሠጋው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ለስሙ ክብርም ነው። ዲስኒ በ2012 የ«ስታር ዎርስ» ወይም የከዋክብት ጦርነት ፊልሞችን ባለቤት ሉካስፊልምን ከገዛ በኋላ፣ በ2013 ለዋና ዋናዎቹ የማሽን ጨዋታዎች ብቸኛውን ፈቃድ ለኢኤ ሰጠ። በኅዳር ወር 2017 አንዱ ጨዋታ ሲወጣ፣ ተጫዋቾች ይዘቱ ያልታወቀ ሣጥን በገንዘብ እንዲገዙ የሚገፋፋ ነው የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ነገሩ ከቁማር ጋር ተመሳስሎ የአዲሱን ፊልም ስም ያነካካ ጀመር። ኢኤ ጨዋታው በይፋ ከመውጣቱ ከጥቂት ሰዓቶች በፊት የገንዘቡን ክፍል አነሣ። በ2021 ጥር ደግሞ ሌላ አሳታሚ በዚሁ ስም ጨዋታ እንደሚሠራ ተገለጸ፤ ብቸኝነቱም በዚሁ አበቃ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ግን ስም በገበያ ላይም ይውላል፤ ይህን አገራችን በቡናዋ ተምራዋለች። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ አስቀድሞ በ2004 አመልክቶ ነበር፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የኢትዮጵያን ጥያቄ ተቃወመ። ከብዙ ክርክርና ከኦክስፋም ዘመቻ በኋላ፣ በሰኔ ወር 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ የፈቃድ ስምምነት ተፈራረሙ። አገራችን በስሞቹ ለመጠቀም ሮያልቲ አላስከፈለችም፤ ዓላማዋ ስሞቹ እንዲታወቁ፣ ገበሬውም የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ ነበር። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ቦታ ከፊፋ ቦታ ጋር አንድ ነው፤ የስም ባለቤት ናት። ይሁን እንጂ የይርጋጨፌ ገበሬ የስሙ ባለቤት ብቻ ሳይሆን የሥራውም ባለቤት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የሁለተኛው ልጅ ጥያቄም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ2014 ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የወጣው የኢኤ ጨዋታ በማጣሪያው የተሳተፉትን 203 ብሔራዊ ቡድኖች የያዘ ነበር። በማጣሪያው እስከ መጨረሻው ዙር ደርሳ በናይጄሪያ የተሸነፈችው ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ይህን ለማድረግ ያስቻለው የዓለም ዋንጫው ፈቃድ ነው። ደቡብ ሱዳን ግን ነፃነቷን ያገኘችው በሐምሌ 2011 ሲሆን፣ የፊፋ አባል የሆነችው በግንቦት 2012 ስለሆነ ማጣሪያው አልፏት ነበር። በየዓመቱ በሚወጣው ጨዋታ ውስጥ ለመግባት ደግሞ አባልነት ብቻ አይበቃም። የቡድኑ ስምና መለያ የየፌዴሬሽኑ ንብረት ስለሆነ፣ ውል የሚዋዋል ፌዴሬሽንና ቡድኑን ይገዛልኛል ብሎ የሚያምን አሳታሚ ያስፈልጋል። ልጁ በዝርዝሩ ውስጥ አገሩን ያጣው አገሩ ስም ስለሌላት ሳይሆን፣ ስሟን ወደ ገበያው ያመጣ ውል ስለሌለ ነው።

በሌላ በኩል ማንም ሊከለክለን የማይችል ሀብት አለን። ገበጣ ባለቤት የለውም፤ ኪንግ ኮንግ የሕዝብ ነው እንደተባለ ሁሉ ገበጣም የሕዝብ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን በስልክ ጨዋታነት ሲያወጣ፣ መነሻ ያደረገው ፈቃድ የማይጠየቅበትን የራሳችንን ነገር ነው። ነገር ግን ጨዋታው ከሕዝብ ቢወሰድም፣ የተጻፈው ፕሮግራምና የተሣለው ሥዕል የሠሪው ንብረት ነው። ሕጋችንም ይህንን ያውቃል። የደራሲና የሥነ ጥበብ ሰው መብት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም እንዲጨምር ተደርጓል። አዋጁም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነው ታሪክ በአጭሩ ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ስም ብቻውን ሥራ አይሆንም፤ አላሞጎርዶ የተቀበረው ይህን ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ዝነኛ የሆነ ሁሉ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ነኝ የሚልም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ ስሙንም ሥራውንም በጊዜው ያላስመዘገበ ሰው ወይም አገር አውድማው ላይ የሚደርሰው እህሉ ከተከፋፈለ በኋላ ነው።

ይህን ጉዳይ በታሪክ ወይም በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ማንሣት ለሚፈልጉ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ ከተማሪዎች ዕለታዊ ጨዋታ መነሣቱ እንደሚረዳ ተገንዝበናል። ልጆቹ ስለ ክለቦችና ስለ ተጫዋቾች የሚያውቁት ከእኛ እጅግ የበለጠ ነው። እኛ የምንጨምርላቸው እያንዳንዱ ስም ባለቤትና ውል እንዳለው ማሳየትን ነው።

ከሃይ ማላካል ከመነሣታችን በፊት ለሁለቱ ልጆች ከዚህ በላይ የጻፍነውን በአጭሩ ነገርናቸው። የቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅ በጥሞና አዳምጦ «እንግዲያስ በሩ ላይ ያለውን ስም እናጥፋው?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛው ግን ወዲያው «አታጥፋው፤ የራሳችንን ጻፍበት» አለው። በሚቀጥለው ቀን ስናልፍ «ፊፋ» የሚለው በነጭ ቀለም ተሸፍኖ ነበር። በምትኩ ምን እንደሚጻፍ ልጆቹ ገና እየተከራከሩ ነበር።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የፈቃድ ውልና የእኩል አራሽ ሥርዓት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. ኮሌኮና ኒንቴንዶ ለአንድ ዐይነት ጥያቄ የተለያየ መልስ የሰጡት ለምን ይመስላችኋል?
3. በአካባቢያችሁ ካሉት ጨዋታዎች፣ ተረቶችና የቦታ ስሞች መካከል የሕዝብ የሆኑትንና የግለሰብ ፈጠራ የሆኑትን ለይታችሁ ጻፉ።
4. ለአገራችሁ ብሔራዊ ቡድን የፈቃድ ውል ብታዘጋጁ የትኞቹን አንቀጾች ታስገቡ ነበር?